ክፍል 711፦ ስለ አንድ የነጋዴዎች ክለብ አነሳስ እና ልማዶች

እንደምን አመሻችሁ? ቀኑን ሙሉ ስትሠሩ ውላችሁ፣ ወደ ቤት መሄድ እያማራችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ስላቋቋሙት አንድ ክለብ ነው። የተጀመረው በቺካጎ ከተማ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሮታሪ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ስለዚህ ትልቅ ድርጅት ግን ብዙ አልናገርም። እኔን የሚስበኝ የመጀመሪያው፣ የቺካጎው ክለብ ነው። በተለይም ገና ስም ያልወጣለት ጊዜ።

ለምን እሱን መረጥኩ? ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በሙያ ማኅበር ወይም በንግድ ስብስብ ውስጥ አላችሁ። እኔም ነበርኩ። የመተዳደሪያ ደንባችን ሠላሳ ገጽ ነበር። አርማ ነበረን፣ ማኅተም ነበረን። ስድስት ወር ሲሞላን ስብሰባ የምንመጣው አራት ሰዎች ብቻ ቀረን። ከተበተንን በኋላ ማንም ለማንም ስልክ አልደወለም። ይሄ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። የቺካጎዎቹን ታሪክ ሳነብ ግን የጎደለን ምን እንደሆነ ገባኝ። ደንብማ ሞልቶን ነበር። ያጣነው ልማድ ነው። ሰውን ከሰው የሚያላምዱ፣ ሲያዩዋቸው ቀላል የሚመስሉ ልማዶች።

የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ፖል ሃሪስ ከሚባል ሰው ነው። በ1868 በዊስኮንሲን ግዛት ራሲን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ኑሮ ስላልተሳካለት፣ ልጁ በሦስት ዓመቱ ቨርሞንት ግዛት ወደሚኖሩት አያቶቹ ተላከ። ያደገው ዋሊንግፎርድ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ባለሱቁ የልጁን ስም ያውቃል፤ ልጁም የባለሱቁን ፈረስ ስም ሳይቀር ያውቃል ብትሉ ማጋነን አይሆንም። ይህን ያዙልኝ፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ መንደር ነው የሚመነጨው።

ሃሪስ በ1891 ሕግ ተምሮ ተመረቀ። ወዲያው ግን ቢሮ አልከፈተም። አምስት ዓመት አገር ላገር ዞረ። ጋዜጠኛ ሆነ፣ ፍራፍሬ ለቀመ፣ ሆቴል ውስጥ ሠራ፣ ቲያትር ተጫወተ፣ እብነ በረድ ሸጠ፣ ከብት በሚያጓጉዝ መርከብ ተቀጥሮ እስከ እንግሊዝ ተጓዘ። በ1896 ቺካጎ ገብቶ የጥብቅና ቢሮውን ከፈተ።

ቺካጎ በዚያን ጊዜ ጉድ የምታሰኝ ከተማ ነበረች። በ1900 የነዋሪዋ ቁጥር ወደ 1.7 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ከየአገሩ የመጣ ነው። ሁሉም ሥራ ፍለጋ ይሮጣል፤ መታለልና መካካድም ብዙ ነበር። ሃሪስ ደንበኞች ነበሩት፤ በሥራ የሚያገኛቸው ሰዎችም አላጣም። ጓደኛ ግን አልነበረውም። በተለይ እሁድና የበዓል ቀን ብቸኝነቱ እንደሚበረታበት በኋላ ራሱ ጽፏል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ሰውዬው ሥራ ያለው፣ የተማረ፣ ብዙ አገር ያየ ነው። ሆኖም እሁድ ከሰዓት የሚያንኳኳው በር የለውም። ትልቅ ከተማ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው ይህን ስሜት ሳይነግሩት ያውቀዋል።

በ1900 አንድ ምሽት አንድ ጠበቃ ወዳጁ እራት ጋበዘው። ከእራት በኋላ ሁለቱ በሰፈሩ በእግራቸው ዞር ዞር አሉ። ሰፈሩ ሮጀርስ ፓርክ ይባላል። ጋባዡ በየሱቁ ደጃፍ ቆም እያለ ባለሱቆቹን በስማቸው ሰላም ይላል፤ እነሱም በስሙ ይጠሩታል። ሃሪስ መንደሩ ትዝ አለችው። ይህን የመሰለ ቅርበት በዚህ ትርምስ ከተማ መሀል መፍጠር ይቻል ይሆን ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ወደ ሥራ የተለወጠው ግን ያን ዕለት አልነበረም። አምስት ዓመት በልቡ ይዞት ቆየ። እኔ ይህን መዘግየት እወድለታለሁ። ነገሩን አብስሎ ነው ያመጣው።

የካቲት ወር ነው፤ ቀኑ 23፣ ዓመቱ 1905፣ ዕለቱ ሐሙስ። ሃሪስ ከደንበኛውና ወዳጁ ከሲልቬስተር ሺሌ ጋር በአንድ የጣሊያን ምግብ ቤት እራት በላ። ሺሌ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ነው። ከእራት በኋላ ሁለቱ ዩኒቲ ወደሚባል ሕንፃ ሄዱ። እዚያ ክፍል ቁጥር 711 የጉስታቭስ ሎር ቢሮ ነው። ሎር የማዕድን መሐንዲስ ነው። ሂራም ሾሪ የሚባል ልብስ ሰፊም አብሮ ነበር። ጠበቃ፣ ከሰል ነጋዴ፣ መሐንዲስ፣ ልብስ ሰፊ። የመጀመሪያው ስብሰባ ይኸው ነው። መድረክ የለ፣ ቃለ ጉባኤ አንባቢ የለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአራቱ መሥራቾች ሁለቱ፣ ሎርና ሾሪ፣ ብዙም ሳይቆዩ ክለቡን ተዉት። ክለብ ስትጀምሩ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ግማሾቹ ቢሄዱ አትደንግጡ። አዲሶቹ ይመጣሉ። ሃሪ ራግልስ የሚባል የማተሚያ ቤት ባለቤት መጣ። ሞንታጉ ቤር የሚባል፣ ጽሑፍና ሥዕል የሚቀርጽ ባለሙያም መጣ፤ የመጀመሪያውን አርማ፣ የጋሪ ጎማ አድርጎ የሳለው እሱ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ደግሞ ሃሪስ አልነበረም። ከሰል ነጋዴው ሺሌ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ሰው ወንበሩን ለጓደኛው ሰጥቶ ሦስተኛ ተራ ላይ ነው ፕሬዚዳንት የሆነው። ስንት ስብስብ በወንበር ጉዳይ እንደፈረሰ ለምታውቁ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እሺ፣ አሁን ወደ ልማዶቹ እንግባ።

የመጀመሪያው ልማድ ስማቸውን የሰጣቸው ነው። ሁለተኛው ስብሰባ የተደረገው ሃሪስ ቢሮ ነው። ሦስተኛው ሺሌ ከሰል በሚሸጥበት ግቢ ነው። እንዲህ እያሉ ከአንዱ አባል የሥራ ቦታ ወደ ሌላው ዞሩ። ሮታሪ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ መዞር ነው። ዘዴውን ልብ በሉት። ሰውን በሥራ ቦታው ስታዩት ሌላ ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ከሰሉ ሲራገፍ ያያል፤ ጠበቃው የማተሚያው ማሽን ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ በኋላ «ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የአፍ ሰላምታ አይሆንም። ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ጋባዡም ቢሆን ቤቱን እንደሚያሳይ ሰው ጠርጎና አዘገጃጅቶ ይጠብቃል። ክብር ይሰማዋል።

አባላቱ ሲበዙ ቢሮዎቹ ጠበቡ። ስብሰባው ወደ ሆቴልና ወደ ምግብ ቤት ተዛወረ። አብሮ ማዕድ መቁረስ የክለቡ ዋና ልማድ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። ማዕዱ ጥሩ ነው፣ ሰውን ያቀራርባል። ግን በእውነት ልንገራችሁ፣ መዞሩ በመቅረቱ አዝናለሁ። ትንሽ ሆናችሁ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ቢሮዎቹ እስኪጠቧችሁ ድረስ ዙሩ።

ሁለተኛው ልማድ በስም መጠራራት ነው። በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ የንግድ ሰዎች የሚጠራሩት «ሚስተር» እየተባባሉ በአባት ስም ነው። ክለቡ ውስጥ ግን ይህ ቀረ። «ሚስተር ሃሪስ» ተረስቶ «ፖል» ሆነ። ለእኛ ነገሩን በደንብ የሚያስረዳን «እርስዎ» የምንለውን ሰው «አንተ» ለማለት መስማማት ነው። መጀመሪያ ላይ አፍ ይይዛል። ትልቁ ነጋዴ በትንሹ ነጋዴ ፊት ማዕረጉን አውልቆ መቀመጥ አለበት። ትንሹም ደፍሮ መጥራት አለበት። ሁለቱም ትንሽ ይከብዳቸዋል። ይሄ አብሮ መቸገር ነው ሰውን የሚያቀራርበው። ሃሪስ ከመንደሩ ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው መዝሙር ነው። ይህን የጀመረው የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ራግልስ ነው። አንድ ቀን ስብሰባው ቀዝቀዝ ሲል ወንበር ላይ ወጥቶ «እንዘምር!» አለ። ዘመሩ። ከዚያ በኋላ መዝሙር የስብሰባው አካል ሆኖ ቀረ፤ ወደ ሌሎች ክለቦችም ተዛመተ። ዕድሜያቸው የገፋ ነጋዴዎች በእራት መሀል አብረው ሲዘምሩ አስቡት። ድምፁ የማያምር አለ፣ ግጥሙ የሚጠፋበት አለ። ግን አብሮ የዘመረ ሰው ወዲያው ተመልሶ መኮሳተር አይችልም።

ቅጣትም ነበረ። ለትንሽ ጥፋት ትንሽ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ገንዘቡም ለክለቡ ወጪ ይውላል። ቅጣቱ ለሳቅ ነው የሚጣለው፤ ተቀጪው ራሱ እየሳቀ ይከፍላል። መገኘት ላይ ግን ቀልድ የለም። በኋላ በወጣው ደንብ አራት ጊዜ በተከታታይ የቀረ አባል አባልነቱን እስከ ማጣት ይደርስ ነበር። በጉዞ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በሄደበት ከተማ ያለውን ክለብ ስብሰባ ተካፍሎ የቀረበትን ያካክሳል። ይህ የመጨረሻው ልማድ ብልህ ነው። ግዴታውን ወደ እንግድነት ለወጠው። የማታውቀው ከተማ ውስጥ የሚቀበልህ ማዕድ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ትንሽ ጠለቅ ያለ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው። ከአንድ ሙያ አንድ ሰው ብቻ የሚል ደንብ ነበራቸው። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ከሰል ነጋዴ፣ አንድ አታሚ። ሁለተኛ ከሰል ነጋዴ መግባት አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተፎካካሪህ ከጎንህ ከተቀመጠ ስለ ችግርህ አታወራም፤ ዋጋህን፣ ዕዳህን፣ የጠፋብህን ደንበኛ ትደብቃለህ። ተፎካካሪ ከሌለ ግን ልብህን ትከፍታለህ። ደግሞም ሁሉም የተለያየ ሙያ ስላለው አንዱ ለሌላው የሚነግረው አዲስ ነገር አያጣም።

ይህ ደንብ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ እርስ በርስ መገበያየት። ከሰል የሚፈልግ አባል ከሺሌ ይገዛል። የሚታተም ነገር ያለው ራግልስ ዘንድ ይሄዳል። ይህን በግልጽ ነበር የሚያደርጉት። በ1906 መጀመሪያ ላይ ባወጡት ደንብ ሁለት ዓላማዎች ተጻፉ፦ የአባላትን የንግድ ጥቅም ማሳደግ እና ወዳጅነትን ማጠናከር። ማን ለማን ምን ያህል ሥራ እንደሰጠ የሚመዘግብ ሰው ሳይቀር ሾመው ነበር።

ታዲያ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዶናልድ ካርተር የሚባል የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት ጠበቃ አባል እንዲሆን ተጋበዘ። ደንቡን አነበበ። አንብቦም አልገባም አለ። ለራሱ አባላት ብቻ የሚሠራ፣ ለከተማው ምንም የማያደርግ ክለብ ብዙ ዕድሜ አይኖረውም የሚል ነበር ሐሳቡ። አሁን ቦታችሁን ለውጣችሁ አስቡት። አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ ክለባችሁ ራስ ወዳድ ነው ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን ቅር ብሎን ሌላ ሰው እንጋብዛለን። እነሱ ግን እንዲህ ከሆነ አንተው ና አስተካክለው አሉት። ካርተርም ገባ። ሦስተኛ ዓላማም ተጨመረ፦ የቺካጎን ጥቅም ማስቀደም፣ ነዋሪው በከተማው እንዲኮራ ማድረግ።

በእኔ እምነት ክለቡን ያዳነው ይህ ቀን ነው። መገበያየቱን አልነቅፍም። ከወዳጅህ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ወዳጅነቱን መብላት ይጀምራል። «እኔ ይህን ያህል ሰጠሁት፣ እሱ ምን ሰጠኝ?» የሚለው ሐሳብ አንዴ ከገባ አይወጣም። ከማዕዱ ውጪ ያለ አንድ ሥራ ሲገኝ ግን ዓይኖች ሁሉ ወደዚያ ይዞራሉ።

ያ ሥራ በ1907 ተገኘ። በከተማው መሀል የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አልነበረም። ሰው ለመጸዳዳት ሱቅ ወይም መጠጥ ቤት መግባት ነበረበት። ክለቡ ሌሎች ማኅበራትን አስተባብሮ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ የከተማውን አስተዳደር ወተወተ፤ ተሠራም። መጸዳጃ ቤት ነው! ሐውልት ሊያቆሙ ይችሉ ነበር፣ ስማቸው የተጻፈበት አደባባይ ሊያሠሩ ይችሉ ነበር። ሰው የተቸገረበትን ነገር መረጡ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው መስፋፋት ፈጣን ነው፤ እኔም ፈጠን ልበል። በ1908 ሳን ፍራንሲስኮ ሁለተኛው ክለብ ተቋቋመ። በ1910 አሥራ ስድስት ክለቦች ቺካጎ ላይ ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ቀጥሎ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ እንግሊዝ። በ1921 ጆሃንስበርግ ላይ በአፍሪካ የመጀመሪያው ተከፈተ። ሐሳቡም ወደ ሌሎች ተጋባ። በ1915 ዲትሮይት ላይ ኪዋኒስ የሚባል ተመሳሳይ ክለብ ተነሣ። እዚያው ቺካጎ ሜልቪን ጆንስ የሚባል የኢንሹራንስ ሰው የንግድ ስብስቡ ከንግድ ያለፈ ነገር ለምን አይሠራም ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ጥያቄ በ1917 ላየንስ ክለብ ተወለደ። የካርተር ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከቺካጎው ክለብ አባላት አንዱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ኸርበርት ቴይለር ይባላል። በ1932 የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ ሊከስር የደረሰ የአሉሚኒየም ድስት ድርጅት ተረከበ። ሠራተኞቹ ከመናገራቸውና ከመሥራታቸው በፊት ራሳቸውን የሚጠይቁት አራት አጫጭር ጥያቄዎች ጻፈ። እውነት ነው ወይ? ለሁሉም ፍትሐዊ ነው ወይ? በጎ ፈቃድና ወዳጅነት ያመጣል ወይ? ለሁሉም ይጠቅማል ወይ? ድርጅቱ ከኪሳራ ወጣ። ሮታሪ ጥያቄዎቹን በ1943 የራሱ አደረጋቸው። አሁን በብዙ ክለቦች ስብሰባ ላይ በአንድ ድምፅ ይባላሉ። የማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ሁሌም ይከብደኛል።

አሁን ደስ የማይለውን ክፍል ላንሣ። ክለቡ ለሴቶች ዝግ ነበር። ለአጭር ጊዜ እንዳይመስላችሁ፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ። ሚስቶች ለእራት ግብዣ ይመጣሉ፣ በበጎ ሥራው ያግዛሉ፤ አባል ግን አይሆኑም። በ1977 በካሊፎርኒያ ዱዋርቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ክለብ ሦስት ሴቶችን አባል አደረገ። አባላቱ ተመናምነውበት ስለነበር ሰው ይፈልጋል። በዓመቱ ዋናው ድርጅት የክለቡን ፈቃድ ነጠቀው። የዱዋርቴ ሰዎች ግን አልተበተኑም፤ መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፣ ፍርድ ቤትም ሄዱ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በግንቦት 1987 ፍርድ ቤቱ ሴቶቹን የሚደግፍ ውሳኔ ሰጠ።

በክርክሩ ውስጥ እኔን የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ዋናው ድርጅት፣ ክለብ የወዳጆች የግል ስብስብ ነውና ማንን እናስገባ የሚለው የራሳችን ጉዳይ ነው ሲል ተከራከረ። የካሊፎርኒያው ፍርድ ቤት ግን አባላቱ ከክለቡ የንግድ ጥቅም እንደሚያገኙ አይቶ ነበር። አስታወሳችሁ? በ1906 ደንብ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ዓላማ! ሴት ነጋዴዋን ከማዕዱ ማስቀረት ከወዳጅነት ብቻ ማስቀረት አልነበረም። ደንበኛ ከምታገኝበት፣ ምክር ከምትሰማበት፣ የባንክ ሰው ከምትተዋወቅበት ቦታ ጭምር ማስቀረት ነበር። በስም መጠራራቱ፣ መዝሙሩ፣ ሳቁ፣ ያ ሁሉ የማደንቀው ነገር በር ዘግቶ የሚደረግ ነበር። ልማድ ውስጥ ያለውን ሰው ባቀራረበ መጠን ውጪ ያለውን ያርቀዋል። የእናንተን ክለብ ስታስቡ ከማዕዱ ማን እንደቀረ በየዓመቱ ቁጠሩ። ሙሉ ድርጅቱን አንዲት ሴት፣ ካናዳዊቷ ጄኒፈር ጆንስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሬዚዳንትነት የመራችው በ2022 ነው።

ወደ ክፍል 711 ልመልሳችሁ። ዩኒቲ ሕንፃ በ1989 ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት ግን ታሪኩን የሚወዱ አባላት ክፍሉን ነቅለው አወጡት፤ በኋላም ከቺካጎ አጠገብ ኤቫንስተን በሚገኘው የሮታሪ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ መልሰው ገጠሙት። አነስ ያለች ቢሮ ናት። ድርጅቱ ፖሊዮን ለማጥፋት በዓለም ዙሪያ ዘመቻ ከፍቷል፤ በ1988 በዓመት ወደ 350,000 የሚጠጋ ሕፃን ያሽመደምድ የነበረ በሽታ ዛሬ ከጥቂት ቦታዎች በቀር ጠፍቷል። ሊያሳየው የሚችል ብዙ ነገር እያለው አንዲት የመሐንዲስ ቢሮ ጠብቆ አስቀመጠ።

ሃሪስ ጎጆ የወጣው ዘግይቶ ነው። ስኮትላንዳዊቷን ጂን ቶምሰንን በ1910 አገባ፤ በቺካጎ ዳርቻ ቤት ገዛ፤ በግቢውም ከየአገሩ ለሚመጡ እንግዶች የወዳጅነት ዛፍ ይተክል ነበር። ሺሌም እዚያው አቅራቢያ ቤት ሠራ። እሁድ ሲከብደው የነበረው ሰው በመጨረሻ የሚያንኳኳው በር አገኘ። ከሰል ነጋዴው በ1945 አረፈ። ሃሪስ በጥር 1947 ተከተለው። የተቀበሩት አንድ መካነ መቃብር ውስጥ ነው፣ ጎን ለጎን።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ስትጠይቁ ግን መጀመሪያ ስማችሁን ንገሩን።